የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ለመሆን፦ ከፊልም ክፍል እስከ ዋና አሰልጣኝነት

እግር ኳስ ማሰልጠን የፈለገ ሰው የካፍን ኮርስ ይወስዳል፤ ከ«ዲ» ወደ «ሲ»፣ ከ«ሲ» ወደ «ቢ» እያለ ላይሰንሱን ያሳድጋል። በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ግን ላይሰንስ የሚባል ነገር የለም። ፈተና አልፎ፣ ወረቀት ይዞ «አሰልጣኝ ነኝ» ማለት አይቻልም። መቶ ሺህ ተመልካች በሚይዘው የአላባማ ስታዲየም የሚሠራውም፣ ጥቂት መቶ ሰው በሚያየው ትንሽ ኮሌጅ የሚያሰለጥነውም ቦታውን ያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሲሠራ ያየው ሰው ስለጠራው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፦ የት ሆናችሁ፣ ምን ስትሠሩ፣ ማን ያያችኋል?

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ላደጉ፣ ወይም ለትምህርት መጥተው ጨዋታው ልባቸውን ለወሰደው ወጣቶቻችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሜዳውን እወቁ

ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው ትልልቆቹ ቡድኖች የሚወዳደሩበት ዲቪዥን ኤፍቢኤስ ይባላል፤ በ2025 የነበሩት 136 ናቸው። ከሥሩ ኤፍሲኤስ አለ፤ ከዚያ ዲቪዥን 2፣ ዲቪዥን 3፤ እነዚህ ሁሉ ኤንሲኤኤ በተባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር ናቸው፤ ቀጥሎ በሌላ ማኅበር ሥር የሚጫወቱት የኤንኤአይኤ ኮሌጆች፣ በመጨረሻም የሁለት ዓመት ኮሌጆች። ሲደመሩ ብዙ መቶ ቡድኖች ናቸው። ዲቪዥን 3 ላይ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል የለም፤ ልጆቹ የሚጫወቱት ስለሚወዱት ነው፤ አሰልጣኞቹም እንደዚያው። ሥራ ስትፈልጉ 136ቱን ብቻ የምታዩ ከሆነ አብዛኛውን በር ሳታንኳኩ ታልፋላችሁ።

የሥልጣኑ ቅደም ተከተል ደግሞ በሁሉም ቦታ ይቀራረባል። ከታች የተማሪ ረዳት አለ። ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ የሚሠራው ግራጁዌት አሲስታንት፣ ቀጥሎ ፊልምና መረጃ የሚተነትነው አናሊስት ወይም ኳሊቲ ኮንትሮል፣ ከዚያ የአንድ ቦታ ተጫዋቾችን የሚይዝ አሰልጣኝ ይመጣል፤ የሪሲቨሮች (ኳስ ተቀባዮች)፣ የላይንባከሮች (ከመከላከያው የፊት መስመር ጀርባ የሚቆሙ)፣ የኳርተርባኮች (ማጥቃቱን የሚመሩ ኳስ ወርዋሪዎች) እየተባለ። ከእነሱ በላይ ማጥቃቱን ወይም መከላከሉን በሙሉ የሚመራው ኮኦርዲኔተር፣ ከሁሉም በላይ ዋና አሰልጣኝ።

አንደኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ እያላችሁ ግቡ

መጫወት ከቻላችሁ ተጫወቱ፤ ኮሌጁ ምንም ያህል ትንሽ ይሁን። የተጫወተ ሰው ቋንቋውን ሳይማር ያውቀዋል፤ ስልክ የሚደውልለት የቀድሞ አሰልጣኝም ይኖረዋል። ካልተጫወታችሁ ግን መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። ማይክ ሊች ኮሌጅ ውስጥ ፉትቦል አልተጫወተም፤ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ራግቢ ነበር የሚጫወተው። ከዚያ በፔፐርዳይን ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ ተመረቀ። ጠበቃ መሆን ሲችል በ1987 በካሊፎርኒያ ትንሽ ደመወዝ ያለው የረዳትነት ሥራ ጀመረ፤ አልፎ ተርፎ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ አሰልጥኗል። በ2000 የቴክሳስ ቴክ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከጓደኛው ከሃል ሙሚ ጋር ያሳደጉት በመወርወር ላይ የተመሠረተው የማጥቃት ስልት ዛሬ በየሃይስኩሉ ይሠራበታል።

መግቢያው በር ብዙ ጊዜ የፉትቦል ኦፕሬሽንስ ዳይሬክተር ቢሮ ነው። አሳማኝ ደብዳቤ ለዋናው አሰልጣኝ ከመጻፍ ይልቅ እዚያ በአካል ሄዳችሁ «ልምምድ የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የቪዲዮ ክፍሉ፣ ዕቃ ክፍሉና የምልመላ ቢሮው ተማሪ ሠራተኛ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። እኔ ከሦስቱ ቪዲዮ ክፍሉን እመርጥላችኋለሁ። ከማማው ላይ ሆኖ የሚቀርጽ ልጅ 22ቱንም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ያያል፤ አሰልጣኞቹ በኋላ የሚከራከሩበትን ምስል ያነሳው እሱ ነው።

ምን ልማር ለሚለው፣ የምትወዱትን ተማሩ፤ ነገር ግን ውጤታችሁ ማስተርስ የሚያስገባ ይሁን። ቀጣዩ ደረጃ ያለሱ አይገኝም። በኤፍ-1 ቪዛ የመጣችሁ ደግሞ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት እንደማይፈቀድላችሁ አስታውሱ። ፉትቦል ሰዓት የማያውቅ ሥራ ስለሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ አነጋግሩ። በኋላ ቋሚ ሥራ ስታገኙ አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመታዊው የኤች-1ቢ ኮታ አይገደቡም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ፊልም መስበርና ካርድ መሣል ተማሩ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወጣት አሰልጣኝ ተፈላጊ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለ መሪነት ጥሩ የሚናገር ወጣት ሞልቷል። እሑድ ማታ ተቀምጦ የተጋጣሚን አራት ጨዋታ ያለ ስሕተት ሰብሮ ሰኞ ጠዋት የሚያስረክብ ግን ጥቂት ነው።

ፊልም መስበር ማለት እያንዳንዱን ፕሌይ፣ ማለትም ኳሱ ተነሥቶ እስኪቆም ያለውን አንድ ሙከራ፣ እየቆረጡ መረጃውን በሰንጠረዥ መሙላት ነው። አንድ ፕሌይ እንውሰድ። ሁለተኛ ዳውን ነው (አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጠው አራት ሙከራ ሁለተኛው)፤ ሰባት ያርድ ይቀራል። ኳሱ በግራ ሃሽ (ሜዳው መሃል ባለው የግራ የመስመር ምልክት) ላይ፣ በራሳቸው 38 ያርድ መስመር ተቀምጧል። ሜዳ ላይ ያለው አሰላለፍ 11 ፐርሶኔል ነው፤ ማለትም አንድ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ)፣ አንድ ታይት ኤንድ (በመስመሩ ጫፍ ቆሞ የሚከልልም ኳስ የሚቀበልም)፣ የቀሩት ሦስት ሪሲቨሮች። ታይት ኤንዱ በስተቀኝ ቆሞ ነበር፤ ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ወደ ግራ ተሻገረ። ከዚያ ሩጫ ወደ ግራ፣ አራት ያርድ። እነዚህ ሁሉ በየዓምዳቸው ይገባሉ፦ ዳውን፣ ርቀት፣ ሃሽ፣ የሜዳ ቦታ፣ ፐርሶኔል፣ ፎርሜሽን፣ ሞሽን፣ የፕሌዩ ዓይነት፣ አቅጣጫ፣ ውጤት። በሌላኛው ወገን ደግሞ መከላከሉ በምን ፍሮንት (የፊት መስመር አሰላለፍ) እንደቆመ፣ የትኛውን ከቨሬጅ (ተቀባዮችን የመሸፈኛ ዘዴ) እንደተጫወተ፣ ብሊትዝ (ኳርተርባኩን የሚያጠቃ ተጨማሪ ሰው) እንደላከ ወይም እንዳልላከ።

አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 70 ገደማ ፕሌይ ያጠቃል። በአራት ጨዋታ 280 ይሆናል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ነው ጨዋታው መናገር የሚጀምረው። ለምሳሌ ታይት ኤንዱ በተሻገረ ቁጥር ሩጫው ወደተሻገረበት አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ፣ ይህን ያገኘ ልጅ ለላይንባከሮቹ አሰልጣኝ ትልቅ ስጦታ ይዞለት ሄደ። አንድ አምድ በግድየለሽነት ከተሞላ ደግሞ ሙሉው ስሌት ይበላሻል፤ ስሕተቱም ቅዳሜ በ80 ሺህ ሰው ፊት ይታያል። የምታገኙትን በሁለት መስመር ጽፋችሁ አስረክቡ። ሥራ የበዛበት ኮኦርዲኔተር አሥር ገጽ አያነብም።

ልምምዱን በራሳችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ቅዳሜ የተላለፈ ጨዋታ ቅረጹና ባዶ ሰንጠረዥ ከፍታችሁ ሙሉት። ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበትን ሃድል የተባለውን ፕሮግራም ሃይስኩል ቡድኖችም ስለሚሠሩበት በአካባቢያችሁ ያለ አሰልጣኝ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ካርዱስ? በሳምንቱ ልምምድ ላይ ተቀያሪዎቹና አዲሶቹ ልጆች የተጋጣሚን ቡድን መስለው ይጫወታሉ። የማያውቁትን ፕሌይ የሚያዩት እናንተ በሣላችሁት ካርድ ላይ ነው። አጥቂዎቹ ክብ፣ ሴንተሩ አራት ማዕዘን፣ ተከላካዮቹ በፊደል ይሣላሉ። የእያንዳንዱ ሪሲቨር መንገድ በወፍራም ቀስት ይሰመራል፤ የሚዞርበት ያርድ በቁጥር ይጻፋል፤ ኳሱን የሚቀበለው ልጅ በቀለም ይለያል። ካርዶቹ በልምምዱ ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸውና ዝናብ እንዳያበላሻቸው በፕላስቲክ ይገባሉ። ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ልጆች ዙሪያችሁን ከበው ካርዱን የሚያዩት ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ያልገባው አንድ ልጅ ካለ ፕሌዩ ይበላሻል፤ ዋናው አሰልጣኝም ዘወር ብሎ የሚያየው ካርድ የያዘውን ነው። በውድድር ወቅት ተጫዋቾች በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ ደንቡ ስለሚያስገድድ የሚባክን ደቂቃ የለም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ግራጁዌት አሲስታንት ሁኑ

ዩኒቨርሲቲው የማስተርስ ክፍያችሁን ይሸፍናል፤ በተጨማሪ ለቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃ አነስተኛ አበል ይሰጣል። ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ኒክ ሴበን ሰባት ጊዜ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ በር ገብቶ ነው። በ1973 በተማረበት በኬንት ስቴት፣ በዶን ጄምስ ሥር ግራጁዌት አሲስታንት ሲሆን አሰልጣኝነት ያቀደው ሥራ አልነበረም፤ ባለቤቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ነበር የቆየው።

ቦታዎቹ የሚከፈቱት ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ ነው። አሰልጣኞች ይባረራሉ፣ ይዛወራሉ፤ ከላይ አንድ ሰው ሲነሣ ሰንሰለቱ እስከ ታች ይንቀሳቀሳል። በጃንዋሪ ደግሞ በ1922 የተመሠረተው የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ያደርጋል። ሂዱ። ንግግሮቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ሥራ የሚገኘው ግን ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ነው። ጫማችሁን ጥረጉ፤ አንድ ገጽ ሲቪ ያዙ። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ከማለት «የዚህን ዓመት መከላከላችሁን ሰብሬያለሁ፤ በሦስተኛ ዳውን ያየሁትን ላሳይዎት?» ማለት ይሻላል።

ዛሬ ኦሪገንን የሚመራው ዳን ላኒንግ የተጫወተው በሚዙሪ፣ ዊልያም ጁዌል በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ሃይስኩል ሲያሰለጥን ቆየና በ2011 ሌሊቱን ሙሉ ወደ ፒትስበርግ ነድቶ አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ቶድ ግርሃም ዘንድ ሥራ ሊጠይቅ ቀረበ። ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት ግርሃም ወደ አሪዞና ስቴት ሲሄድ ይዞት ሄደ። ከዚህ ታሪክ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በኋላ የመጣው ነው። ላኒንግ ሳም ሂውስተን ስቴት ላይ ሙሉ አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ በ2015 ወደ ኋላ ተመልሶ አላባማ ላይ ግራጁዌት አሲስታንት ሆነ። ማዕረግ ቀነሰ፤ ሲሠራ የሚያየውን ሰው ግን አሻሻለ። በዚያ የመከላከሉ ኮኦርዲኔተር የነበረው ከርቢ ስማርት በ2018 ወደ ጆርጂያ ወሰደው፤ ላኒንግ በ2021 መጨረሻ ኦሪገንን ተረከበ።

አራተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያውን ቋሚ ሥራ በጥንቃቄ ምረጡ

ሁለት መንገድ ይቀርብላችኋል። አንደኛው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ አናሊስት መሆን፣ ሁለተኛው በትንሽ ኮሌጅ የራሳችሁን ተጫዋቾች ይዛችሁ ማሰልጠን። እስከ 2024 ድረስ በኤፍቢኤስ ሜዳ ላይ ማሰልጠን የሚፈቀድላቸው ዋናው አሰልጣኝ፣ 10 ረዳቶችና ግራጁዌት አሲስታንቶች ብቻ ነበሩ፤ አናሊስት ለተጫዋች ቴክኒክ ማስተማር አይችልም ነበር። በጁን 2024 ኤንሲኤኤ ይህን ገደብ ስላነሣ የአናሊስትነት ዋጋ ከፍ ብሏል።

ቢሆንም የእኔ ምክር ትንሹ ኮሌጅ ነው። እዚያ የራሳችሁ ተጫዋቾች፣ የራሳችሁ የስብሰባ ክፍል፣ የራሳችሁ የምልመላ አካባቢ ይኖራችኋል። አሰልጣኝ፣ አንድ ልጅ በሴፕቴምበር የማይችለውን በኖቬምበር ሲችል ካላየ፣ ማስተማር መቻሉን በምን ያውቃል? ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ክፍል ማስተማርና ዕቃ መጫንም ይጨመርበታል።

ከታች መጀመር ከላይ እንደማያግድ የሚያሳዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ካለን ዲቦር በደቡብ ዳኮታ፣ በዚያን ጊዜ የኤንኤአይኤ ኮሌጅ በነበረው በሱ ፎልስ በዋና አሰልጣኝነት 67 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ፤ ዛሬ በሴበን ወንበር ላይ አላባማ ነው። ላንስ ላይፖልድ በዲቪዥን 3፣ በዊስኮንሲን ኋይትዋተር ስድስት ሻምፒዮና አንሥቶ አሁን ካንሳስን ይመራል። ከርት ሲኚቲ ደግሞ አላባማ ላይ የሴበን ረዳት የነበረበትን ቦታ ለቆ በ2011 ወደ ዲቪዥን 2 ወረደ፤ ራሱ ዋና አሰልጣኝ መሆን ስለፈለገ። ከዚያ ኢሎን፣ ከዚያ ጄምስ ማዲሰን፣ በ2024 ኢንዲያና። ብዙ በመሸነፍ የሚታወቀው ኢንዲያና በ2025 የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ምልመላ

አሰልጣኝ የሚያድገው በምልመላ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። አንድ የአገሪቱ ክፍል ይሰጣችኋል። የየሃይስኩሉን አሰልጣኝ ስም፣ ልጆቹን፣ የትምህርት ውጤታቸውን፣ ወላጆቻቸውን ማወቅ የእናንተ ሥራ ይሆናል። መቼ መደወል፣ መቼ ቤት መሄድ፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ የሚወስን የኤንሲኤኤ ካሌንደር አለ፤ ደንቡን ያላወቀ አሰልጣኝ ትምህርት ቤቱን ያስቀጣል፤ ስለዚህ የደንቡን መከበር የሚከታተለውን የኮምፕላያንስ ቢሮ ስልክ በአቋራጭ ያዙ።

ሳሎን ቁጭ ስትሉ የምታነጋግሩት ልጁን ብቻ አይደለም። የእኛን ቤት የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ብልጫ አለው። እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ጨዋታ ሳይሆን «ልጄ ቢጎዳስ? ትምህርቱስ?» ብላ ነው። ለዚህ ያዘጋጃችሁት መልስ ሊኖር ይገባል፦ ራሱን ቢመታ ማን ይመረምረዋል፣ ጉዳት ቢደርስበት ስኮላርሺፑ ምን ይሆናል፣ የማስጠናት እገዛ የሚሰጠው የት ነው፣ የቡድኑ ልጆች ስንቱ ይመረቃሉ። የማታውቁትን አትገምቱ፤ «ጠይቄ ነገ እደውላለሁ» በሉና ደውሉ። ቡና ከቀረበ ደግሞ ሳትጠጡ አትነሡ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ አንድ ቤተሰብ የታመነ ሰው መሆናችሁን ካወቀ ወሬው በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ይዳረሳል።

ሥራው በቅርብ ዓመታት በጣም ተለውጧል። ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የዝውውር ፖርታል በ2018 ተከፈተ። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለተጫዋቾች ይከፍላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ይህም ለሁሉም ስፖርቶች ተደምሮ። ስለዚህ የዛሬ አሰልጣኝ ከሃይስኩል ያመጣውን ልጅ በየዓመቱ እንደገና መመልመል አለበት። በየቀኑ የሚያናግረው፣ እናቱ ስትታመም የሚደውል አሰልጣኝ ያለው ልጅ በቀላሉ አይሄድም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ኮኦርዲኔተርነት

እዚህ የሚፈተነው በሁለት ፕሌይ መሃል ባለው 40 ሴኮንድ ውስጥ መወሰን መቻላችሁ ነው። ከ2024 ጀምሮ በኤፍቢኤስ አሰልጣኙ ለአንድ ተጫዋች በሄልሜቱ ውስጥ በሬዲዮ መናገር ይችላል፤ ግን የፕሌይ ሰዓቱ 15 ሴኮንድ ሲቀረው መስመሩ ይዘጋል። ስለዚህ ጥሪው ቀድሞ የታሰበ መሆን አለበት። የቦታ አሰልጣኝ ሳላችሁ በየሳምንቱ የራሳችሁን የጥሪ ወረቀት አዘጋጁ፤ ሦስተኛ ዳውን አጭር፣ ሦስተኛ ዳውን ረጅም፣ ከተጋጣሚ 20 ያርድ መስመር ወዲያ፣ የመጨረሻው ሁለት ደቂቃ እያላችሁ። ከጨዋታው በኋላ ከእውነተኛው ጥሪ ጋር አስተያዩት። ዕድሉ ሲመጣ ያልተዘጋጀ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ዋና አሰልጣኝነት

ቃለ መጠይቁ የሚያጠነጥነው በሦስት ነገር ነው፦ ማንን ይዘህ ትመጣለህ፣ ተጫዋች ከየት ታመጣለህ፣ ገንዘቡን እንዴት ትከፋፍላለህ። የረዳቶቻችሁን ዝርዝር ዓመታት ቀድማችሁ መጻፍ ጀምሩ። ጥቁርና ሌሎች አናሳ ወገን አሰልጣኞችን ለዚህ ቦታ የሚያዘጋጀውን የአናሳ አሰልጣኞች ብሔራዊ ጥምረት ማይክ ሎክስሊ በ2020 አቋቁሞታል። ሎክስሊ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ በሆነው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ነው። እንዲህ ያለውን ማኅበር ወጣት እያላችሁ ተቀላቀሉ።

ደመወዙ ከላይ ሲደርስ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኖቬምበር 2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ሊከፍለው የተገደደው ከ75 ሚሊዮን በላይ ነበር። ይህ ግን የጥቂቶች ነገር ነው፤ ረዳቶች እንዲህ ያለ ውል የላቸውም።

መባረርን አስቀድማችሁ አቅዱ

ዋናው አሰልጣኝ ሲባረር ረዳቶቹ፣ በሥራቸው ምንም ባያጠፉም፣ አብረውት ይወጣሉ። ሴበን በ1990 ቶሊዶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና አሰልጣኝ እስኪሆን ድረስ ኬንት ስቴት፣ ሲራክዩስ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ኔቪ፣ ሚሺጋን ስቴትና የፕሮፌሽናሉ ቡድን ሂውስተን ኦይለርስ ተዘዋውሯል። ሰባት ቤት ማለት ነው። ከማግባታችሁ በፊት ይህን ለምትወዱት ሰው በግልጽ ንገሩ። ወላጆቻችሁም «ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በየዓመቱ ሥራ ይለውጣል» ብለው እንዳይጨነቁ አስቀድማችሁ አስረዷቸው። ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ አስቀምጡ፤ የኮንትራታችሁን ማብቂያ ቀን በቃላችሁ እወቁ። የሠራችሁትን የማስተማሪያ ጽሑፍ የራሳችሁ ኮፒ ይኑራችሁ፤ የተሰናበታችሁ ዕለት ኮምፒውተሩ ሊዘጋ ይችላል።

ዳቦ ስዊኒ ከ2000 የውድድር ዘመን በኋላ ከአላባማ አሰልጣኞች ጋር አብሮ ተሰናብቶ ሁለት ዓመት በበርሚንግሃም በሪል እስቴት ሥራ ኖረ። በ2003 ከአላባማ ዘመኑ የሚያውቀው ቶሚ ቦውደን ወደ ክሌምሰን ጠርቶ የሪሲቨሮች አሰልጣኝ አደረገው። በኦክቶበር 2008፣ በውድድሩ መሐል፣ ቦውደን ሲለቅ ትምህርት ቤቱ ቡድኑን በጊዜያዊነት ለስዊኒ ሰጠ። ኮኦርዲኔተር ሆኖ አያውቅም ነበር። በ2016 እና በ2018 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል። ከሥራ ውጪ የምትሆኑበት ዓመት ቢመጣ፣ ከዚህ በፊት አብራችሁ ለሠራችሁ አሰልጣኞች ሁሉ በየወሩ ደውሉ፤ ሥራ ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን ቅዳሜ በጨዋታቸው ላይ ያያችሁትን ለመንገርም ጭምር።